እልልታው የት ገባ? የኮንሰርት ቀረጻና የማይክ ምርጫ

በኢትዮጵያ ለደረሰው ረሃብ ርዳታ ለማሰባሰብ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም የተዘጋጀው የላይቭ ኤድ ኮንሰርት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ፖል ማካርትኒ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ «ሌት ኢት ቢ»ን ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ፒያኖው ይሰማል፣ ድምፁ ግን የለም። የዘፋኙ ማይክ ለሁለት ደቂቃ ያህል አልሠራም ነበር። ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብም፣ በየአገሩ በቴሌቪዥን የሚከታተለውም ዘፋኝ የሌለው ፒያኖ ሲያዳምጥ ቆየ። ስቱዲዮ ቢሆን «ከመጀመሪያው እንሂድ» ይባላል። ኮንሰርት ላይ ያለፈው አለፈ።

ስለ ማይክ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በብራንድና በዋጋ ዙሪያ ይሽከረከራል፦ የቱ ይሻላል፣ ስንት ነው፣ ኦሪጂናል ነው ወይ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ የሚቀድማቸው ግን አለ። ላይቭ መድረክ ላይ ድራሙ፣ የጊታሩ አምፕ፣ ሞኒተሩ፣ የሕዝቡ ጭብጨባና የአዳራሹ ማስተጋባት በአንድ ጊዜ ወደ እያንዳንዱ ማይክ ይገባሉ። ማይክ መራጩ መጀመሪያ ሊወስን የሚገባው ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንዳይገባ እንደሚፈልግና ማይኩ ከድምፁ ምንጭ በምን ያህል ርቀት እንደሚቆም ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ የሚወጣ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በከንቱ ይቀራል።

በዓለም መድረኮች ላይ በብዛት የሚታየው ድቡልቡል ራስ ያለው ማይክ የሹር ኩባንያ ኤስኤም 58 ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ ሲቀርብ የታሰበው ለስቱዲዮ ቢሆንም መድረክ በጥንካሬው ወሰደው። ማይኩ ዳይናሚክ ነው። ከድምፅ ጋር የሚርገበገብ ስስ ሽፋን፣ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘ የሽቦ ጥቅልና ማግኔት አለው፤ ከዚያ ውጪ በቀላሉ የሚበላሽ ነገር እምብዛም የለውም። ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፣ ቢወድቅ ይነሣል፣ ዘፋኙ ከንፈሩን አስጠግቶ ቢጮህም ድምፁ አይዛባም። የሚቀበለው የድምፅ ወሰን ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ ነው። ለዘፋኝ ይህ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያንጸባርቅ ድምፅ ላላቸው መሣሪያዎች ግን ይጎድላል።

ዝናው ጣጣም አምጥቶበታል። ፎርጅድ ኤስኤም 58 በዓለም ገበያ ተበትኗል፤ ኩባንያው ራሱ ገዢዎችን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ኦሪጂናሉ ሲመዘን 298 ግራም ነው፤ ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቀላል። የሚያስተማምነው መንገድ ኦሪጂናል መሆኑ የታወቀ ማይክ ይዞ ሄዶ ሁለቱን በአንድ ሚክሰር ላይ ማነጻጸር ነው። ልዩነቱ በወሬ ድምፅ ላይሰማ ይችላል፤ ሲዘፈንበትና ቮልዩሙ ከፍ ሲል ግን ይጋለጣል።

መድረክ ላይ የማይክ ዋና ተፎካካሪ ስፒከር ነው። ዘፋኙ እግር ሥር የተቀመጠው ሞኒተር የራሱን የዘፋኙን ድምፅ መልሶ ወደ ማይኩ ይልካል፤ መጠኑ ሲያልፍ ማይኩ ያፏጫል። ኤስኤም 58 ካርዲዮይድ በመሆኑ ከፊቱ ያለውን አጉልቶ፣ ልክ ከጀርባው ያለውን ደግሞ አደብዝዞ ይሰማል፤ ስለዚህ ሞኒተሩ በቀጥታ ከማይኩ ጀርባ ይቀመጣል። ሱፐርካርዲዮይድ የሆኑት፣ ለምሳሌ የዚያው ኩባንያ ቤታ 58፣ ጎናቸውን ይበልጥ ይዘጋሉ፤ ከጀርባ ግን ጥቂት ያስገባሉ። እነሱ ጭራሽ የማይሰሙበት ማዕዘን ከፊት ሲለካ 126 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማይኩን ቀይሮ ሞኒተሩን በነበረበት የተወ ባለሙያ በውዱ ማይክ የባሰ ፉጨት ሊገጥመው ይችላል። የማይኩን ራስ በመዳፋቸው ጨብጠው የሚዘፍኑም ለዚህ ችግር የራሳቸውን ድርሻ ያዋጣሉ። ከራሱ ኋላ በኩል ያሉት የድምፅ መግቢያዎች ሲዘጉ፣ አቅጣጫ የሚመርጠው ማይክ ከየአቅጣጫው ሁሉ የሚሰማ ይሆናል።

ይህን ትግል እስከ ጫፍ የወሰደው የአሜሪካው ግሬትፉል ዴድ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስፒከሮቹን በሙሉ እንደ ግንብ ከሙዚቀኞቹ ጀርባ ደረደራቸው፤ ሙዚቀኛውም ሕዝቡም አንድ ድምፅ እንዲሰሙ። ማይኮቹ እንዳያፏጩ ለእያንዳንዱ ዘፋኝ ሁለት ማይክ ተቀራርበው ታሰሩ፤ የአንደኛው ሲግናል ተገለበጠ። ለሁለቱም እኩል የሚደርሰው የስፒከር ድምፅ እርስ በርሱ ተጠፋፍቶ፣ ዘፋኙ ከንፈሩን ያስጠጋበት የአንደኛው ብቻ ይቀራል። ፉጨቱ ቀረ፤ የዘፋኞቹ ድምፅ ግን ሳሳ። ዛሬ በጆሮ ውስጥ የሚደረጉ ሞኒተሮች ይህን ችግር በአብዛኛው በሌላ በር ፈትተውታል፤ አቅም ያለው ባንድ ከውድ ማይክ በፊት እነሱን ቢገዛ ለቀረጻውም ይጠቀማል።

ሁለተኛው ዋና የማይክ ቤተሰብ ኮንደንሰር ነው። ሽፋኑ እጅግ ስስና ቀላል ስለሆነ ረቂቁን ድምፅ ይይዛል፤ በምላሹ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ዛሬ በየሚክሰሩ ላይ ያለው የ48 ቮልት ቁልፍ የመጣው ከኖርዌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የጀርመኑ ኖይማን ኩባንያ ለኖርዌይ ራዲዮ በማይክ ኬብሉ በኩል ኃይል የሚያገኝ ማይክ ሲሠራ፣ ራዲዮ ጣቢያው ለአደጋ ጊዜ መብራት የዘረጋው የ48 ቮልት መስመር ስለነበረው ልኩ በዚያው ጸና። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት በቤል ላብራቶሪ የሠሩት ኤሌክትሬት ማይክ ኮንደንሰርን ትንሽና ርካሽ አደረገው። ዛሬ መሣሪያ ላይ እንደ ቅንጥብ የሚሰኩት ማይኮች ከእሱ የተወለዱ ናቸው።

እስካሁን የተነሣው ለአንድ ድምፅ አንድ ማይክ ማቅረብ ነው። የአዳራሹን ሙሉ ድምፅ መቅረጽ ግን ሌላ ጥበብ ነው፤ ታሪኩም የረዘመ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የስቲሪዮ ፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1934 በለንደኑ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ቶማስ ቢቻም የሚመራውን የለንደን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በስቲሪዮ ቀረጸ። በእርሱ ስም የሚጠራው ዘዴ ከፊትና ከኋላ እኩል የሚሰሙ ሁለት ማይኮችን በ90 ዲግሪ ያቋርጣል። የፈረንሳይ ራዲዮ በበኩሉ ሁለት ካርዲዮይዶችን በ17 ሳንቲ ሜትር አራርቆ በ110 ዲግሪ መክፈትን መረጠ፤ ዘዴው ኦአርቲኤፍ በሚለው የተቋሙ ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። አንድ ስታንድና ሁለት ትናንሽ ማይኮች ይበቁታል። ለጀማሪ ቀራጭ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል።

ጥቂት ማይክ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለሚጠራጠር ሦስት ምስክሮች አሉ። ሜርኩሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 በራፋኤል ኩቤሊክ የሚመራውን የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሙሉውን ከመሪው በላይ ከፍ ብሎ በተንጠለጠለ አንድ የኖይማን ዩ 47 ማይክ ቀረጸው፤ ቀረጻው የኩባንያውን ስም ያስጠራ ሆነ። ኪት ጃሬት በጥር 24 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. በጀርመን ኮሎኝ ኦፔራ ቤት ለብቻው ፒያኖ ሲጫወት ያቀረቡለት ፒያኖ ያልጠየቀው ትንሽና የተጎሳቆለ ነበር። ማርቲን ቪላንድ በሁለት ኖይማን ዩ 67 ማይኮች ቀረጸው፤ ከዚያ ምሽት የወጣው አልበም በፒያኖ ብቻ ከተሠሩ አልበሞች ሁሉ እጅግ ከተሸጡት አንዱ ነው።

ሦስተኛው ምስክር ይበልጥ ያስተምራል። የካናዳው ካውቦይ ጀንኪስ ባንድ በኅዳር 1987 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ አምቢሶኒክ ማይክ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ድምፅ በአንድነት የሚይዝ፣ ተክሎ በዙሪያው ተቀመጠ። ታዳሚ አልነበረም፤ ሥራው ግን ላይቭ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጫወታል። የዘፋኟ ድምፅ ለስላሳ ስለሆነ በስፒከር እንዲወጣ ተደርጎ ያው አንዱ ማይክ ስፒከሩን ሰማ። ጮክ የሚለው መሣሪያ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዝግ የሚለው ይጠጋል፤ ሚዛኑ እስኪገኝ ሰዎቹ ቦታ ይቀያየራሉ። ሚክሰር የሚሠራውን ሥራ ርቀት ሠራው።

ርቀት በቁጥርም ይገለጻል። ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሰማ ኦምኒ ማይክ በ1 ሜትር ላይ የሚያገኘውን የምንጭና የአዳራሽ ድምፅ ምጣኔ፣ ካርዲዮይድ በ1.7 ሜትር፣ ሱፐርካርዲዮይድ በ1.9 ሜትር፣ ሃይፐርካርዲዮይድ በ2 ሜትር ያገኘዋል። በሚያስተጋባ አዳራሽ ራቅ ብሎ ለመቅረጽ የተገደደ ሰው ጠባብ አቅጣጫ ያለውን የሚመርጠው ስለዚህ ነው። ኦምኒም ግን ብድሩን ይመልሳል። ወፍራሙን የባስ ድምፅ ከሌሎቹ በተሻለ ሳያሳሳ ይይዛል፣ ነፋስም እንደ ሌሎቹ አያስጨንቀውም። በደንብ በሚያሰማ አዳራሽ ወይም ሜዳ ላይ፣ ለመድረኩ መጠጋት ከተቻለ፣ ይህ ጸሐፊ ኦምኒን ይመርጣል።

ይህን ሁሉ በየምሽቱ የፈተኑት ደግሞ የግሬትፉል ዴድ አድናቂዎች ናቸው። ባንዱ ሕዝቡ ኮንሰርቱን እንዲቀርጽና ያለ ሽያጭ እንዲለዋወጥ ፈቅዶ ነበር። ቀራጮቹ ረጃጅም ስታንዶቻቸውን ከሚክሰሩ ፊት እየተከሉ እይታ ሲጋርዱ፣ በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. ከሚክሰሩ ጀርባ የራሳቸው ቦታ ተከለለላቸው። ከዚያ ርቀት የጀርመኑ ሾፕስና የኖይማን ትናንሽ ኮንደንሰሮች የብዙዎቹ ምርጫ ሆኑ። የባንዱ እጅግ የታወቀው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቀረጻ፣ እ.ኤ.አ. የግንቦት 8 ቀን 1977ቱ፣ ግን ከሕዝቡ መካከል የተቀዳ አይደለም። ቤቲ ካንተር ጃክሰን የመድረኩን ማይኮች ለቴፑ ብቻ ለይታ ሚክስ እያደረገች የቀረጸችው ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የድምፅ መዝገቡ አስፍሮታል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። ለአዳራሹ ስፒከር የሚሠራው ሚክስና ለቀረጻ የሚሠራው ሚክስ አንድ አይደሉም። በመካከለኛ አዳራሽ ድራሙና የጊታሩ አምፕ በራሳቸው ስለሚሰሙ ባለሙያው በስፒከሩ የሚያወጣቸው በጥቂቱ ነው፤ የሚያጎላው ዘፋኙንና ኪቦርዱን ነው። ያንን ሚክስ ብቻ ወደ ሪከርደር የላከ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚያገኘው ጎልቶ የወጣ ዘፋኝ፣ ከሩቅ የሚመጣ ድራምና ጭር ያለ አዳራሽ ነው። ሕዝቡ የለም። የአገራችን ኮንሰርቶች ቪዲዮ ላይ ሺህ ሰው እጁን አንሥቶ ሲዘል እየታየ ድምፁ ባዶ ክፍል ውስጥ የተዘፈነ የሚመስልበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል፤ ታዳሚው የሙዚቃው አካል ነውና። እልልታና ጭብጨባ ከሌለ የጭፈራው ዘፈን ግማሹ ጎደለ። በአዝማሪ ቤትማ እንግዳው ራሱ ግጥም ሰጪ ነው። «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈነዳል። ከአዝማሪው ማይክ ብቻ የተቀዳ ቀረጻ መልሱን ይዞ ጥሪውን ይጥላል። በእንዲህ ዓይነት ጠባብ ቤት ውስጥ ከእንግዶቹ ራስ በላይ ከፍ ብለው የሚሰቀሉ ሁለት ትናንሽ ኮንደንሰሮች ከየትኛውም ውድ የዘፋኝ ማይክ በላይ ዋጋ አላቸው። እልልታ ቀጭንና ኃይለኛ ድምፅ ስለሆነ ግን የቀረጻው መጠን ሲስተካከል ለእሱ የሚሆን ክፍተት መተው አለበት።

መሣሪያዎቹም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው። መሰንቆ የሚጫወተው ሰው ራሱ ይዘፍናል፤ አፉና የመሰንቆው ቆዳ እጅግ ይቀራረባሉ። ሁለት ማይክ ከተደረገ ሁለቱም ሁለቱን ይሰማሉና ድምፁ ይጎድፋል። የባለሙያዎች ልማድ በሁለት ማይኮች መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ከምንጩ ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ነው። እዚህ ይህ የሚሳካው የመሰንቆው ማይክ እንደ ዴንማርኩ ዲፒኤ 4099 ያለ፣ መሣሪያው ላይ ተሰክቶ ወደ ቆዳው የሚጠጋ ሲሆን ነው። አዝማሪው እየተዘዋወረ ስለሚጫወት ቆሞ የሚቀር ስታንድማ ጭራሽ አያዋጣም።

በመድረክ የሚቀርበው ክራር አብዛኛውን ጊዜ በፒክአፕ ይሰካል። ፒክአፕ ከፉጨት ያድናል፤ የእንጨቱንና የጣቱን ድምፅ ግን ያስቀራል። ከፒክአፑ ጎን አንድ ኮንደንሰር አስጠግቶ ሁለቱን ለየብቻ መቅረጽ በኋላ ሚክስ ሲደረግ ምርጫ ይሰጣል። ዋሽንት ላይ ማይኩ በትንፋሹ መንገድ ላይ በቀጥታ ከቆመ ነፋሱ ዜማውን ይሸፍነዋል፤ ጥቂት ወደ ጎን ቢሆን ይሻላል። አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚመታው ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ያጉረመርማል፣ ጠባቡ ይጮኻል። አንድ ማይክ ብቻ ካለ ወደ ሰፊው አድልቶ ማስቀመጥ ይገባል፤ ጠባቡ ራሱን ያሰማልና።

በገና ለብቻው ሊታይ ይገባል። ዐሥሩ አውታሮች ከድልድዩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ የሚገቡት የቆዳ ቁርጥራጮች ያንን የታወቀ ንዝረት ይሰጡታል፤ ድምፁ ጥልቅ ነው፣ ጩኸት ግን የለውም። ዳይናሚክ ማይክ እዚህ ብዙ ማጉላት ስለሚጠይቅ ከበገናው ጋር ሽሽታው ይመጣል። የውስጥ ጫጫታው ዝቅተኛ የሆነ ኮንደንሰር፣ ከግማሽ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ማራገቢያው በጠፋበት ክፍል ውስጥ፣ ከሌላው ሁሉ ይመረጣል። ማኅሌት ለመቅረጽ ፈቃድ ያገኘ ሰው ደግሞ የብሉምላይንን ዘዴ ቢያስታውስ ይጠቀማል። መዘምራኑ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ስለሚቆሙ፣ በመካከላቸው የተተከሉት ሁለቱ ማይኮች ሁለቱንም ረድፍ እኩል ይሰማሉ። ጸናጽሉ ከ15,000 ኸርዝ በላይ የሚዘልቅ ብርሃን አለው፤ ያንን የሚያመጣው ኮንደንሰር ነው።

እንግዲህ ለትልቅ ኮንሰርት የተሻለው መንገድ ሁለቱን ማጣመር ነው፤ የመድረኩን ማይኮች ለየብቻ፣ የአዳራሹን ጥንድ ደግሞ ከነሕዝቡ። ሲጣመሩ የሚመጣው ፈተና ጊዜ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከመድረኩ 30 ሜትር ርቆ የተተከለ ማይክ ዘፋኙን የሚሰማው ከመድረኩ ማይክ 87 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። እንዳለ ከተደባለቀ እያንዳንዱ የከበሮ ምት ሁለት ጊዜ ይሰማል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሒሳቡ ይለያል የሚሉ አሉ፤ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ግን ሙቀቱ ነው እንጂ ከፍታው አይደለም። ቀዝቀዝ ባለ ምሽት በ15 ዲግሪ 340 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ከዝግጅቱ በፊት አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ጮክ አድርጎ አንዴ ቢያጨበጭብ፣ በኋላ በኮምፒውተር ላይ ሁለቱን ቀረጻ በዚያች ጭብጨባ ማስተካከል ይቻላል። ወይም የአዳራሹ ጥንድ ወደ መድረኩ ጫፍ ቀርቦ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ቢያዞር መዘግየቱ ራሱ ያጥራል።

ስልክ በእጁ ያለ ሁሉ ዛሬ ቀራጭ ነው። የስልክ ማይኮች ጥቃቅን ኦምኒዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ድምፁ 120 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ ማዛባት ይጀምራሉ፣ ስልኩም መጠኑን በራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ስፒከር ሥር ቆሞ የተቀዳ ቪዲዮ የሚንጫጫው ለዚህ ነው፤ ወደ ኋላ መሸሽ ብቻውን ብዙ ያሻሽለዋል። በቅርብ ዓመታት የመጡት በ32 ቢት ፍሎት የሚቀርጹ ሪከርደሮች፣ ለምሳሌ የጃፓኑ ዙም ኤፍ 3፣ መጠን አስተካክሎ የመጠበቅን ጭንቀት ቀንሰዋል። ማይኩ ራሱ ካዛባ ግን ሪከርደሩ አያድነውም። ስለዚህ የማይኩ የድምፅ ጣሪያ በወረቀቱ ላይ መታየት አለበት፤ 130 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የሚችል ለአዳራሽ ጥንድነት ያስተማምናል።

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ባንድ ወይም የባህል አዳራሽ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይመስላል። የዘፋኝ ዳይናሚኮች ኦሪጂናል ይሁኑ እንጂ ተራዎቹ ይበቃሉ። የሚቀረው ገንዘብ ለሁለት ተመሳሳይ ትናንሽ ኮንደንሰሮች ይዋል፤ እንደ አውስትራሊያው ሮድ ኤንቲ 5 ያሉት በጥንድ ይሸጣሉ። ከዚያ ረጅምና ጠንካራ ስታንድ፣ የነፋስ መከላከያ፣ የማያጠራጥር ኬብል። አስቸጋሪው የሚሆነው ቦታው ነው። ለቀረጻ የሚመቸው ሥፍራ፣ ከመድረኩ ፊት መሐል ላይ፣ ብዙ ጊዜ ትኬቱ የሚወደድበት ነው፤ አዘጋጁ እዚያ ስታንድ እንዲቆም አይፈልግም። መፍትሔው እንደ ሜርኩሪ ሰዎች ከላይ ማንጠልጠል ነው። የመብራቱ ብረት ወደ ላይ ከመሰቀሉ በፊት ማይኮቹ በደኅንነት ሽቦ ይታሰራሉ፣ ኬብላቸው ከመብራቱ ገመድ ተለይቶ ይዘረጋል። ለዚህ ደግሞ ቀራጩ የሚጠራው መድረኩ በሚተከልበት ቀን ጠዋት መሆን አለበት፤ ሕዝቡ በር ላይ ከተሰለፈ በኋላ ለመጣ ባለሙያ የሚተርፈው የሚክሰሩ መውጫ ብቻ ነው።